የአቶ ወልዴ ጫማ

ልጄ ማሂ ሦስት ትልልቅ ካርቶን ሳሎን መሀል ደርድራ በወፍራም ብዕር «ኪፕ»፣ «ሴል»፣ «ጋርቤጅ» ብላ ጻፈችባቸው፤ የሚቀመጥ፣ የሚሸጥ፣ የሚጣል ማለቷ ነው። ቅዳሜ ከቤታችን ፊት ያለው ሣር ላይ ያርድ ሴል ልናደርግ ነው፣ አሮጌ ዕቃችንን ዘርግተን ልንሸጥ። ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ያለው እዚህ ቤት ከገባን ሃያ ምናምን ዓመት ሆነን፤ ቤዝመንቱ የተሰበረ ቬንትሌተር፣ ማንም የማይነዳው ቢስክሌት፣ ክዳኑ የጠፋ ድስትና ድስቱ የጠፋ ክዳን ተጠቅጥቆበታል። እኔ ዕቃ መጣል አልችልም። ማሂ «ማሚ፣ ዩ ኒድ ሄልፕ» ትለኛለች፤ የምትለው ሄልፕ ሐኪም ዘንድ ያለውን ነው መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ድሮ እንግሊዝኛ ስማርበት ከነበረ መዝገበ ቃላት ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ማሂ አነሳችው። ፊደል በልጅነቷ አስቆጥሬያታለሁ፤ ታነባለች፣ ግን አንድ ባንድ እየለቀመች ነው።

«ለ... አ... ባ... ቴ። ለአባቴ!» አለች ደስ ብሏት። «ለአባቴ ለአቶ ወልዴ። ካልሲው ውስጡ አለ። ማሚ፣ ሁ ኢዝ አቶ ወልዴ?»

ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ወረቀቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቤት ስቀይር፣ ሳገባ፣ ስወልድ፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት አውጥቼው አላውቅም፤ ጥዬውም አላውቅም።

«ኪፕ ነው ወይስ ጋርቤጅ?» አለች።

ወረቀቱን ከእጇ ወስጄ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት።

አቶ ወልዴን አይቻቸው አላውቅም። የማውቀው እግራቸውን ነው፣ እሱንም በወሬ። ቶሮንቶ የመጣሁት በሃያ አንድ ዓመቴ ሲሆን የተቀበሉኝ የእናቴ የሩቅ ዘመድ እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን በሚቆምበት ሕንፃ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ነበራቸው። እሳቸው መኝታ ቤት ይተኛሉ፣ እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ። ሶፋው ግን የእኔ ብቻ አልነበረም። አገር ቤት የሚሄድ ሰው አለ ከተባለ የከተማው አበሻ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እትዬ ብዙነሽ ቤት ነው። ለአንዷ እናት የስኳር መለኪያ፣ ለአንዷ ሙሽራ ሽቶ፣ ለአንዱ አዛውንት መነጽር። ሶፋው ላይ ቦታ ለማግኘት በየማታው የሰው አደራ አነሳለሁ፤ ጠዋት መልሼ አስቀምጣለሁ።

እትዬ ለዚህ ሥራ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ሻንጣው መታጠቢያ ቤት ባለው ሚዛን ላይ ይመዘናል። ማሸጊያና ካርቶን ይጣላል፣ ኪሎ ይበላልና። ጫማ ከሆነ ውስጡ ካልሲ ይጠቀጠቃል፣ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ እስከ ጫማው አፍንጫ ይገባል። «ላዩ ላይ የተለጠፈ ይላቀቃል፣ ውስጥ የገባ ግን የትም አይሄድ» ይሉ ነበር።

በዚያ ዓመት የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል ደረጀ የሚባል ታክሲ የሚነዳ ወጣት አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ ይዞ መጣ። የጫማውን ትልቅነት ሳይ ሳቄ መጣ። አባቱ አቶ ወልዴ እግራቸው ከመጠን ያለፈ ነው፤ አዲስ አበባ የሚሆናቸው ጫማ ስለማይገኝ ዕድሜ ልካቸውን ከጎማ የተሠራ በርባሶ ነው የሚያደርጉት። አሁን የደረጀ እህት ልታገባ ነው። ደረጀ በረዶ እየረገጠ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ በመጨረሻ መሀል ከተማ አንድ ቤት አገኘ።

«እትዬ፣ አባባ አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት ጫማ አድርጎ ይቁም» አለ። ጫማውን በሁለት እጁ ነበር የሰጣቸው።

በሐምሌ የሕንፃው ተከራዮች ሣሩ ላይ ያርድ ሴል አደረጉ። እትዬ ብዙነሽ ቅዳሜም ሥራ ይገቡ ስለነበር የተሰነጣጠቁ ሳህኖችና አሮጌ መጋረጃ እንድሸጥ ነግረውኝ ወጡ። እኔ ግን እሳት የላስኩ ወጣት ነኝ፤ ቤቱን ለአንድ ቀን እንኳ ባዶ ላየው ፈለግሁ። ከእኔ በፊት በዚያ ሶፋ ላይ ያለፉ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ ጫማዎች በር አጠገብ ተከምረው ነበር። ሙቀቱ፣ ከታች የሚሰማው ሙዚቃ፣ የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ፣ ሁሉም ውረጂ ውረጂ ይለኛል። ጫማዎቹን በአንድ ዕቅፍ አፍሼ በደረጃ ወረድኩ። አጠገባቸው ተቀምጦ የነበረው የደረጀም ጫማ አብሮ ታፈሰ። ይህን አላየሁም፣ እምላለሁ።

ከቀትር በኋላ አንድ በጣም ረጅም ሰው መጣ። ፊቱ ክፉ ነገር አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። ጥቁሩን ጫማ አንስቶ አገላበጠው፣ ዋጋውን ጠየቀኝ፣ ሳንቲም እየቆጠርኩ ጫማውን ሳላየው ነገርኩት፣ ከፈለኝ። ከዚያ የራሱን ጫማ አውልቆ ቀኝ እግሩን ሲያስገባ አንድ ነገር ከለከለው። ካልሲውን ጎትቶ አወጣ፤ ቀጥሎ ወረቀቱን። ፊደሉን አይቶ ሳቀና ለእኔ ሰጠኝ።

አነበብኩት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሠራሁት ስህተት ነበር። ጥፋቴ የጀመረው ከዚያ ነው።

ሰውየው ሁለቱንም ጫማ አድርጎ ሣሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይራመዳል። «ፐርፌክት!» ይለኛል፤ የሚሆነው ጫማ ከስንት ጊዜ በኋላ እንዳገኘ በእጁም ጭምር ያስረዳኛል። አውልቅ ማለት አቃተኝ። አደራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያች እንግሊዝኛዬ በምን ልንገረው፣ ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። ሶሪ የምትለዋን ቃል ግን አውቃት ነበር። እሷ ብቻ ትበቃ ነበር። ወረቀቱን እጄ ውስጥ ጨመደድኩና ፈገግ አልኩለት።

የሰዉን አደራ ይዘው አገር ቤት የሚሄዱት ጋሽ ተፈራ ሲሆኑ፣ የሚነሱት በሚቀጥለው ሐሙስ ነበር። እሳቸው በትምህርት ቤት ጽዳት የሚሠሩ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው፤ ለሰው ዕቃ ቦታ ለማስለቀቅ የራሳቸውን ልብስ ከሻንጣ ያወጣሉ። አምስት ቀን ሙሉ ለእትዬ ልናገር አስቤ፣ አምስት ቀን ሙሉ ነገ እላለሁ። ሐሙስ ሻንጣውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። እትዬ ከመኝታ ቤት ሆነው፣

«ሰናይት፣ የደረጀ ጫማ ገባ?» አሉኝ።

«ገባ እትዬ፣ ከታች ነው» አልኩ።

ሠርጉ አለፈ። አቶ ወልዴ በበርባሷቸው ቆመው ልጃቸውን ዳሩ። ጋሽ ተፈራ ሲመለሱ ደረጀ እትዬ ብዙነሽ ቤት ጠብቆ አገኛቸው። እኔ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበርና ዕንባዬን ማንም አልጠየቀኝም።

«በእግዜር ስም፣ ጫማ የሚባል ከዚያ ሻንጣ አልወጣም» ይላሉ ጋሽ ተፈራ።

«ጋሼ፣ ሽጠውት ከሆነ ይንገሩኝ፣ አልቀየምዎትም» ይላል ደረጀ።

እትዬ ብዙነሽ ግን ቀጥ ብለው፣ «ልጅቷ በእጇ አስገብታዋለች» አሉ። የመሰከሩት ለእኔ ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ።

ደረጀ ተነስቶ «አደራ በላ» አላቸው። በእኛ አገር ለሰው ከዚህ የከፋ ስም የለም። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ በኩሽናው በር በኩል አንዴ አየት አድርገውኝ ወጡ።

ወሬው የከተማውን አበሻ ለማዳረስ ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም። ሰው ሊሄድ ሲል «በተፈራ እንዳይሆን እንጂ በማንም ላኩ» ይባል ጀመር። ማኅበር ላይ ሲመጡ ወሬ ይቋረጣል። ቆይተው እሳቸውም መምጣት ተዉ። አንድ ጊዜ ብሉር መንገድ ላይ ካለ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ አጋጠሙኝ። ጎንበስ ብለው «እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። እኔ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሽሮ ሳነብ ቆየሁ፤ ሽሮ ምን ይነበባል!

ይህን ሁሉ ለማሂ ነገርኳት። «ማሚ፣ ኢት ዋዝ ጀስት ሹዝ፣ ጫማ ብቻ እኮ ነው» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ወረቀቱን አንስታ አገላበጠችና፣ «ጋሽ ተፈራ ግን አላይቭ ናቸው? በሕይወት ካሉ ኮል አድርጊላቸው» አለችኝ።

ስልካቸውን ከሰው ከሰው ጠይቄ አገኘሁት። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ አረጋውያን በሚኖሩበት ሕንፃ ብቻቸውን ናቸው።

«የእትዬ ብዙነሽ ሰናይት?» አሉ፣ ድምፃቸው እንደዚያው ቀስ ያለ ነው።

«አዎ ጋሼ» አልኩና የጫማውን ነገር ሳልተነፍስ ነግሬ ጨረስኩት። ይቆጡኛል፣ ወይም ያለቅሳሉ፣ ወይም እግዜር ይፍታሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቴሌቪዥናቸውን ሲቀንሱ ተሰማኝ።

«እኔማ እንዳልወሰድኩ ድሮም አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለማያውቁት ንገሪያቸው።»

ደረጀ አሁን ሸብቷል፤ ብሉር ላይ ሱቅ አለው። ለሱቁ የሚሆን ወንበር አለ ብዬ ቅዳሜ ጠራሁት። ጠዋት ፀሐዩ ገና ሣሩን ሳያደርቀው መጣ። ጠረጴዛዎቹ ተደርድረው፣ ማሂ ዋጋ እየለጠፈች ነበር። ከወንበሮቹ አንዱ ላይ አስቀመጥኩትና ወረቀቱን ሰጠሁት።

«የእኔ ጽሑፍ ነው» አለ። ወረቀቱን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። «ከየት አመጣሽው?»

«ጫማውን የሸጥኩት እኔ ነኝ ደረጀ። ጋሽ ተፈራ ዓይናቸውም አላየውም።»

ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ይገባኝም ነበር። እሱ ግን እኔን አላየኝም።

«አባባ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው ነበር» አለ። «ዝናብ ነው። በር ላይ ቆመው ‘እግዜር ያጽናህ’ ሲሉኝ፣ ዘጋሁባቸው።»

የጋሽ ተፈራን ስልክ ቁጥር ሰጠሁት። ተነስቶ መንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ሄዶ ደወለ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ መያዙን ግን አየሁ። አንዲት ሴት ደረጀ ተቀምጦበት የነበረውን ወንበር ዋጋ ጠየቀችኝ፣ በነፃ ውሰጂው አልኳት። ማሂ ገላመጠችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩት የራሴን ጥፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለደረጀም አንድ ጥፋት አሸክሜው፣ እሱ ደግሞ ትክክል የሠራ መስሎት ኖሯል። ጋሽ ተፈራ ይቅር ይበሉት አይበሉት አልጠየቅኩም፤ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ወረቀቱን ደረጀ ይዞት ሄደ። ማታ ማሂ የተረፈውን ዕቃ ወደ ቤት ስታስገባ፣ ቤዝመንቱ አሁን ባዶ ሆነልሽ፣ ደስ አይልም? አለችኝ። ደስ ይላል አልኳት። እትዬ ብዙነሽ ግን «ልጅቷ በእጇ አስገብታዋለች» እንዳሉ ነው የሞቱት፤ ለእሳቸው የምደውልበት ስልክ የለኝም።