«የሐቫናን ጥቁሮች ሄደሽ እዪ» ተብዬ

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ መካነ ሰላም

ከቤቴ ስወጣ ጎረቤቶቼ በየበራቸው ቆመዋል። ለአንዲት ሴት መንገድ ይህን ሁሉ ሰው ምን አስነሳው? አልኩ በሆዴ።

በእኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም። ሰውየውን በሌላ ነገር አሳበው ይጠሩታል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይነግሩታል። ልጄ ጥሩወርቅ ያለችው ኩባ ነው። አባቷ ኦጋዴን ላይ ሲወድቅ ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር ለትምህርት ወሰዷት፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ደብዳቤዋ ከተቋረጠ ዓመት አለፈው፤ እኔ የላክሁላትም መልስ አላገኘም። ባለፈው ሳምንት የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤቴ ድረስ መጣና፣ «አዲስ አበባ ቤተ መዘክር ውስጥ ኤግዚቢሽን ተከፍቷል። ከአፍሪካ የሄዱ ጥቁር ሕዝቦች ሐቫና የምትባለዋን ከተማ እንዴት እንደሠሯት ያሳያል። ልጆቻቸው እዚያ ያሉ እናቶች ተጋብዛችኋል» አለኝ።

ለአንድ ኪሎ ስኳር አምስት ቀን የሚያመላልሰኝ ሰው የይለፍ ወረቀቴን በአንድ ጀምበር ጨረሰ። ታናሽ ወንድሜን ተሾመንም «አብረሃት ሂድ» አለው። እኔ ሥዕል ሳላይ ብቀር ማን ምን ይጎድልበታል?

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ለጋምቦ

የገብስ ጆንያ የጫነ መኪና ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሾፌሩ አሊ፣ «እናቴ፣ ጋቢና ግቢ» አለኝ። ጋቢና የነጋዴና የጓዶች ቦታ ነው፤ እኔን ማን አስታወሰኝ? አቅስታ ስንወርድ ሒሳቡን ጠየቅሁት።

«አፉ ብያለሁ፣ ዱዓሽ ይበቃኛል። አላህ ያጽናሽ ብቻ።»

«ያጽናሽ? ምን ሰምተህ ነው?»

«ኧረ መንገዱን ነው እናቴ! ይህን ጠመዝማዛ ማን ይችለዋል?»

ተሾመን አየሁት። አንገቱን ደፋ። ዳቦውን ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰም።

ረቡዕ፣ ከደሴ ወዲያ

ኬላ ላይ ሁላችንም ከአውቶቡስ ወረድን። ወታደሩ የሰዉን ቋጠሮ እየፈታ ይበረብራል፤ በርበሬ ሳይቀር ያሸታል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ወረቀቴን አነበበ፣ ፊቴን አየ፣ «እናት፣ ይለፉ» አለ። የእኔን ቋጠሮ አልነካም። እሱም ሰምቷል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ አዲስ አበባ

የአጎታችን ልጅ ቤት አደርን። በማለዳ በር ሲንኳኳ መጡ አልኩ። ወተት የምታዞር ሴት ናት።

ቤተ መዘክሩ ውስጥ ግድግዳው ሁሉ ፊት ነው። የምታስረዳን ወጣት ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ሱሪ የለበሰች አበሻ ናት። «አያቶቻቸው በመርከብ ታስረው ነው የሄዱት። የዚህን ምሽግ ድንጋይ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ወደቡ ላይ ሸክሙ፣ ጎዳናው ላይ ከበሮው፣ ገበያው፣ ሁሉም የእነሱ እጅ አለበት» ትላለች። አንዲት ሥዕል ላይ ያለች፣ ፍራፍሬ በራሷ ላይ የተሸከመች ሴት በአገሬ ከላላ ገበያ የማውቃት መሰለችኝ። ግን እኔ የምፈልገው አንድ ፊት ብቻ ነው። ከዳር እስከ ዳር አየሁ፤ የለችም። የአስረጂዋን ልጅ ክንድ ያዝኩ።

«ልጄ፣ ሰው ሳይሰበሰብብኝ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

«ምኑን እማማ?»

«ጥሩወርቅ የምትባል የመካነ ሰላም ልጅ...»

«ያቺ ኩርፊያም!» ብላ ሳቀች። «አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። ነርስነት እየተማረች ነው። እርስዎ መልስ አልሰጥ ስላሏት አኩርፋለች።»

«አንቺ መቼ አየሻት?»

«ከተለየኋት ሦስት ሳምንቴ ነው። ከሥዕሎቹ ጋር ነው የመጣሁት።»

ይህን ማንም አጥንቶ ይለዋል አልኩ። ዓይን ዓይኗን አየኋት። እሷ ወሬዋን ቀጠለች። «ጠባይዋ ግን! ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ደህና አደርሽ ቢሏት አትመልስም። ኃላፊያችንን እንኳ ዝም ብላው ተቀጥታለች።»

ያን ጊዜ አመንኩ። ይህ የቤቴ ሕግ ነው፣ ከእናቴ የወረስኩት። ቀበሌ አያውቀውም።

ዞር ስል ተሾመ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ይንሰቀሰቃል።

«እት ብርቄ፣ እኔ እኮ መርዶ ሊያስነግሩሽ ያስከተሉኝ መስሎኝ ነው! አንቺም ዝም ስትዪ ሰምታለች አልኩ።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ታስብ ነበር?»

«ስትወድቂ እንዴት እንደምይዝሽ።»

ሥዕሎቹን በደንብ ያየኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ባለፍራፍሬዋ ፊት ቆሜ፣ «ያኔ በመርከብ የተወሰዱት ሰዎች እናቶች፣ ልጆቻቸው የት እንደደረሱ ሰምተዋል?» አልኳት አስረጂዋን።

«አልሰሙም እማማ» አለችኝ።

ለእነሱም ትንሽ አለቀስኩ።

እሑድ ቀትር፣ መካነ ሰላም

መኪናው ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ደጄ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ገና ሲያዩኝ ሐሊማ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ለቅሶውን ለቀቀችው።

«ዝም በሉ! ልጄ አለች! ነጠላችሁን አስተካክሉ!» ብዬ ከመኪናው ላይ ጮህኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሊቀ መንበሩ ነው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎም? ኤግዚቢሽን ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ብያለሁ» አለ ጋቢውን እየሰበሰበ። «ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ሳይ ግን እኔ ያልሰማሁት ነገር አለ ብዬ...»

ሐሊማ እንባዋን ጠርጋ ወደ ጓሮ አየች። «ታዲያ ያን ሁሉ ንፍሮ ምን እናድርገው?»

ለሕያው ልጅ ንፍሮ ተበልቶ አይቼ አላውቅም። እኛ ግን ሊቀ መንበሩ ሳይቀር እየተሳሳቅን በላነው።