የአባቴ ጽሕፈት በፈረንጅ መጽሐፍ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔ ከደብረ ታቦር የወጣሁት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድንች የተጫነች አህያ እየነዳሁ ነው። ሌሊት ሰዓት እላፊ ነበረ። በዚያ ዘመን በጨለማ የሚሄድ ሰው ተይዞ ይጠየቃል፤ በቀን ድንች የሚነዳን ሰው ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አህያዋ የአጎቴ ነበረች። ከይፋግ ለገበያ መጥቶ፣ ድንቹን ገዝቶ ሲመለስ እኔን እንደ ጫኝ አድርጎ ይዞኝ ወጣ።

አባቴ መሪጌታ በላይ እስከ ደጅ እንኳ አልሸኙኝም። ቢሸኙኝ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። እቤት ውስጥ፣ ከሚጽፉበት መደብ ላይ እንደተቀመጡ፣ አንዲት የብራና ቅጠል ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ከሀ እስከ ፐ ሙሉውን ፊደል በሸምበቆ ብርዕ የጻፉባት ናት። እኔንም ያስተማሩኝ በእሷ ነው።

«በሰው አገር እጅህ እንዳይበላሽ፣ እሷን እያየህ ጻፍ» አሉኝ። ሌላ ምክር አልጨመሩም። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ፤ እህቴ ጥሩወርቅ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ለምን እንደወጣሁ ካልነገርኳችሁ ቅር ይላችኋል። ነገሩ የሚያኮራ አይደለም። ጓደኞቼ ቀበሌውን የሚወቅስ ወረቀት ሊለጥፉ አስበው «ያንተ እጅ ያምራል፣ አንተ ጻፈው» አሉኝ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ለፖለቲካው ይህን ያህልም አልነበርኩም፤ እጄን ስላደነቁልኝ ነው የጻፍኩት። ጠዋት ገበያው ዳር ተለጥፎ ሲገኝ፣ ሰው ምን እንደሚል ሳያነብ የማን ቤት ጽሕፈት እንደሆነ አወቀ። አናቱ ወፈር፣ እግሩ ቀጥ ያለ ፊደል በከተማው የሚጽፍ አንድ ቤት ብቻ ነው።

እኔ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ቢሮ የምጽፈው በታይፕ ስለሆነ እጄን የሚያውቅ የለም። የተጠሩት እንግዲህ አባቴ ናቸው። እኔ ከሰው ጋር በቀበሌው መስኮት በኩል ቆሜ አያለሁ።

ካድሬው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነበር። «ጓድ መሪጌታ፣ ይህን ወረቀት ያውቁታል?»

«ማንበብ አውቃለሁ።»

«ማን ጻፈው ነው የምልዎት።»

«እሱን እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርን አሁን ጠርተን አንመረምረውም። እስክርቢቶውን ይያዙና የተጻፈውን ይገልብጡልኝ።»

አባቴ እስክርቢቶውን በጡጫቸው ጨበጡት። ከዚያ የጻፉትን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። አንዱ ፊደል ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ሆዱ ያበጠ፣ አንዱ እግሩ የተሰበረ። እኒህ ሰው በሕይወታቸው አንዲት ጭረት ብትስታቸው ብራናውን በካራ ፍቀው እንደገና የሚጽፉ ናቸው። ካድሬው ሳቀ። «ይህን እጅ ይዘው ነው ዳዊት የሚጽፉት? ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ይግቡ እንጂ» አላቸው። የቆመውም ሰው አብሮ ሳቀ። ወረቀቷን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሰቀላት።

ወሬው ወዲያው አገር አዳረሰ። መሪጌታ በላይ እጃቸው ሄደ ተባለ። የገሳይ ደብር አለቃ ሊያጽፏቸው የተስማሙትን ዳዊት ለሌላ ጸሐፊ ሰጡ። አባቴ እውነቱን አንድ ቃል ቢተነፍሱ እኔ መሞቴ ነው፤ ስለዚህ ዝም አሉ። ካድሬው ግን አልተኛም፤ «በዚያ ቤት ሌላስ የሚጽፍ የለም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ይህን በሰማሁ በሳምንቱ ነው ከአህያዋ ኋላ የሄድኩት።

ከይፋግ ወዲያ አጎቴ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠኝ። ጎንደርን በጎን አልፈን በመተማ ወጣን። ጥማቱንና ሽፍታውን ያየ ሁሉ ተናግሮታል፣ እኔ አልደግመውም። ብራናዋን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሸሚዜ ሥር አስሬያት ነበር። ካርቱም የስደተኛ መዝጋቢው ጽሕፈት ቤት ስደርስ ፈታሹ አወጣትና መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋት። አስተርጓሚው የእኛው ሰው ነው።

«ምን ይላል ይሄ?»

«ሀ ሁ ሂ ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ለ ሉ ሊ።»

«ትርጉሙን ነው የምጠይቅህ።»

«ትርጉም የለውም፣ ፊደል ነው።»

መዝጋቢው መነጽሩን አወለቀ። «ትርጉም የሌለው ነገር ሆድህ ላይ አስረህ በረሃ አቋረጥክ?»

አስተርጓሚው ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ «ወንድሜ፣ የድርጅት አባልነት ወረቀት ነው በለው፣ ቶሎ ያልቅልሃል» አለኝ። እኔ ግን ፊደል ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። መዝጋቢው «ሰነድ የሌለው» ብሎ ጻፈብኝ። ለዚያች ቃል ሁለት ዓመት ካርቱም ተቀመጥኩባት።

በመጨረሻ አንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ወደ ጀርመን አሻገረኝ። ብርዱን በጉና ተራራ ሥር ያደገ ሰው ይችለዋል ብዬ ነበር። የጉና ብርድ ጠዋት ያንቀጠቅጥሃል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ትክስሃለች። የዚህ አገር ብርድ መካስ የሚባል አያውቅም። ድንቻቸውም ውሃ ውሃ ይላል፤ የእኛ ቢሆን ሲቀቀል ራሱ ፈርሶ ዱቄት ይሆን የለ? ሰላምታቸውማ አንዲት ቃል ናት፤ «ሞርገን» ብሎህ ያልፋል። ከብቱስ፣ አዝመራውስ፣ ልጆቹስ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። መጀመሪያ የተቆጡኝ ይመስለኝ ነበር።

እጄ እንዳይበላሽ ብዬ በኪራይ ክፍሌ ውስጥ ቀለም አዘጋጀሁ፣ እንደ አባቴ፤ ጥላሸት፣ የተቆላ ገብስ፣ ሙጫ፣ ውሃ፣ በማሰሮ ተከድኖ የሚቆይ። በሁለተኛው ሳምንት አከራዬ ሄር ክሩገር በሬን አንኳኳ።

«የሚሸተው ምንድን ነው? ምግብ ነው?»

«ቀለም ነው።»

«ቀለም ሱቅ ይሸጣል።»

«የሱቁ ይፈዛል።»

«ይሄኛው መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ከስድስት ወር በኋላ።»

«የቤቱ ውል በሦስት ወር ያበቃል» አለና ማሰሮውን ራሱ አውጥቶ ደፋው። ከዚያ ወዲያ በሱቅ ቀለም ጻፍኩ፣ ምን ላድርግ።

ሥራ ያገኘሁት ስለ ማተሚያ ፊደል መጻሕፍት በሚያሳትም ቤት ነው። መጋዘን ጠራጊ ሆኜ ገባሁ። እዚያ ያየሁትን ለአገር ቤት ሰው ብነግር ያሾፍኩ ይመስለዋል። ፈረንጅ ስለ ፊደል መልክ ብቻ ጠረጴዛ የሚያህል መጽሐፍ ያሳትማል! ገጹን ሞልታ የተቀመጠች አንዲት ፊደል፣ ከጎኗ ማን በእርሳስ ብረት እንደቀረጻት፣ ከየትኛው ፊደል እንደተወለደች፣ የልጅ ልጇ የትኛው እንደሆነ፤ የእኛ ሽማግሌ ዘር እንደሚቆጥረው አድርገው ይቆጥሩታል። ነጠላ ሰረዝ ያሻሻለ ሰው እንኳ ስሙ አለ። በምሳ ሰዓት መጥረጊያዬን አስደግፌ እነሱን ሳገላብጥ እውላለሁ።

አንድ ቀን የዓለም ማተሚያ ፊደላት ታሪክ የሚል መጽሐፍ እየተሰናዳ ሳለ የኛን ፊደል ገጽ አየሁ። በጥንት ዘመን ፈረንጆች በእርሳስ የቀረጹት ነበር፤ ወገቡ የደነደነ፣ እግሩ የተንጋደደ። አላስችል አለኝና ፍራው ሊንደ የምትባለውን አዘጋጅ «ይህ ልክ አይደለም» አልኳት። ጠራጊው ምን ያውቃል ብላ አላባረረችኝም። «ልክ የሆነውን አሳየኝ» አለች። በማግስቱ ብራናዋን አመጣሁላት።

ፍራው ሊንደ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ አየቻት። ከዚያ በማጉያ መስተዋት አንድ በአንድ። «ይህን ሙሉ ገጽ እሰጠዋለሁ» አለች። «ማነው የጻፈው?»

አባቴ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሰሌዳው ላይ የተሰቀለችው ወረቀት ትዝ አለችኝ። መሪጌታ በላይ ዘደብረ ታቦር ተብሎ ከዚህ ከመሰለ ጽሕፈት ሥር ቢታተም፣ ቅጂው አዲስ አበባ አንድ ቤተ መጻሕፍት ቢገባ፣ አንዱ ለካድሬው ቢያቀብል፣ ያን ቀን ሆን ብለው እጃቸውን እንዳበላሹ ታወቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

«አላውቀውም፣ ከገበያ የገዛሁት ነው» አልኳት።

«በዚህ መጽሐፍ ስም የሌለው የለም። ጥቂት ቀን ላቆይልህ፣ አስብበት።»

ሳምንት ሙሉ አሰብኩ። ሳስብ የማየው ካድሬውን ብቻ ነበር። የራሴም ስም እንዳይገባ ለመንኳት፤ የእኔን የጠራ የአባቴን ይጠራልና። እሷም እያዘነች ከገጹ ሥር በጀርመንኛ ሁለት ቃል አስገባች። የመጀመሪያዋ ረጅም ናት፣ «ያልታወቀ» ማለት ነው። ሁለተኛዋ «ጸሐፊ»።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ገጿን ቆርጬ ለአባቴ ለመላክ ተነሳሁ። ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ ጽሕፈታቸው የት እንደደረሰ ይዩት ብዬ ነው። ከታች ያለችውን መስመር ልቆርጣት መቀስ ይዤ ነበር። ኅዳጉ ሲያጥር ገጹ ቅርጹ ይበላሻል ብዬ ተውኩት፤ ጀርመንኛ የሚያነብ በዚያ አገር የት ይገኛል አልኩ። አሰብ የሚመላለስ መርከበኛ ያገር ልጅ ወሰደልኝ፣ ባህር ዳር ተድራ ለምትኖረው ለጥሩወርቅ አደረሰላት፤ እሷም ለአባታችን ላከችላቸው። እሷ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ስልክ፣ አለቃዋ ፈቅዶላት፣ ቀን ቆርጠን ተቀጣጠርን።

«ወንድምዓለም» አለችኝ ድምፄን ስትሰማ፤ ከዚያ ማልቀስ ሆነና አባቴ ስልኩን ተቀበሏት። ለዓይናቸው ሕክምና ባህር ዳር መጥተው ነበር።

«አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ፊደሌን አየኋት። ዓይኔ ቢደክምም አላጣኋትም፣ የገዛ እጄ አይደለች። ለንስሐ አባቴና ለገሳዩ አለቃ ብቻ ነው ያሳየኋት። አለቃው ‹በድዬዎታለሁ መሪጌታ› ብለው እግሬ ላይ ሊወድቁ ነበር። ከሥሯ ያለችውን የፈረንጅ ጽሑፍ የገሳዩ አስተማሪ እንዲያነብልን ብናደርግ፣ እንግሊዝኛ አይደለም አለን። ስሜ ናት አይደል?»

«አዎ፣ አባዬ» አልኩ።

«የትኛው ስሜ? የዓለሙን ጽፈህብኝ እንደሆነ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የክርስትናዬን ነው እንጂ? እሱን ቀበሌ ከየት ያውቀዋል። አለቃው ግን ያውቁታል፤ በቅዳሴ ያነሱኛል።»

አባቴ መጽሐፍ በጨረሱ ቁጥር በመጨረሻው ቅጠል ላይ ለጻፈው ለወልደ ሐና ምሕረት አድርግለት ብለው ይጽፋሉ። ያን ስም ካህንና ቤተ ዘመድ እንጂ ማንም አያውቀውም። ከአጠገባቸው ተቀምጬ ብራና ስፍቅ ያደግኩ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ሲጽፉት ያየሁ ልጅ፣ ፍራው ሊንደ ሳምንት ሙሉ ስትጠብቀኝ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ካድሬው ብቻ ነበር። የእሱን ፊት ተሸክሜ ወጥቼ፣ የአባቴን ስም እዚያው ጥዬው መምጣቴን ያን ጊዜ ገባኝ። መጽሐፉ ደግሞ ታትሞ አልቋል፤ በካራ አይፋቅም።

«የክርስትናዎ ነው» አልኳቸው። «ወልደ ሐና ብለው ነው የጻፉት።»

«እሰይ፣ እግዜር ይስጥህ ልጄ። አሁን ነው ልቤ ያረፈ።» ከዚያ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። «ይዣት መጥቻለሁ። ሁለት ቃል ናት ትላለች እህትህ። ስሜ የትኛዋ ናት፣ ረጅሟ ወይስ አጭሯ?»

«ረጅሟ።»

«ቆይ፣ እህትህ ጣቴን ታድርግልኝ። ... እንዲህ። ላይዋ ነኝ። በል በነሱ አፍ አትበላት፣ በኛው አንብባትና ልስማት።»

«ወልደ ሐና» አልኩ።

«አሜን» አሉ አባቴ።