ሰው የማይገባበት ሳጥን

የበደለኝ የቡድን መሪዬ ነው። የአጥር ጎረቤቴም ነበር፤ እናቱ በረመዳን ሾርባ በአጥር ያቀብሉኝ ነበር። ጊዜው ቢፒአር የሚሉት የሥራ ሂደት ለውጥ ወደ ከተማችን መካነ ሰላም የገባበት ዓመት ነው። ስሙን አልጽፍም። የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ያኔ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። እናቴ የአልጋ ቁራኛ ናት፤ በምሳ ሰዓት ሮጬ ሄጄ አገላብጫት እመለሳለሁ። ከከተማው መውጣት አልችልም። እሱ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

የቦታ ስም ማዛወር ከእኛና ከመሬት አስተዳደር ተውጣጥቶ አንድ ሂደት ይሁን ተባለ። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ሥራውን በሳጥንና በቀስት ሥለው ነበር። የእኛ ሳጥን ሰው ነው፦ ተቀባይ፣ ለኪ፣ መዝገብ ቤት፣ ኃላፊ። የእነሱ ሳጥን ፋይሉ የደረሰበት ደረጃ ነው፦ ቀረበ፣ ተለካ፣ ተጣራ፣ ተወሰነ። አንዱን በሌላው ላይ ቢያስቀምጡት አይገጥምም። የእኛ ለኪ እነሱ ዘንድ በየቦታው ብቅ ይላል። እኔ ግን የትም የለሁም፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ፋይል አይንቀሳቀስምና ደረጃ የለውም።

ጽሕፈቴ ስለሚያምር ያዋሕዱት ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። ወለል ላይ ተንበርክኬ አሠምራለሁ፤ እሱ ከላዬ ቆሟል።

«እትዬ፣ የእነሱን መሠረት ያድርጉ። ሳጥን ውስጥ ሥራ እንጂ ሰው አይገባም።»

«ሥራውን ማን ሊሠራው ነው? ጂኒ?»

አጠገባችን የነበረችው ገንዘብ ያዥ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«መዝገብ ቤቱንስ የት ላግባው?»

«የቆመ ፋይል ሂደት አይደለም።»

«እኔስ?»

«ሥዕሉ ሌላ፣ ምደባው ሌላ። እኔ እያለሁ እርስዎን ማን ይነካዎታል? የእናቴ ጎረቤት አይደሉ እንዴ?»

እንዳለኝ ሣልኩት።

ምደባው የመጣው ግን በሥዕሉ ነው። ለእያንዳንዱ ሳጥን ሰው ተመደበ፤ ሳጥን የሌለው ተንሳፋፊ ተባለ። ተንሳፋፊ ጠዋት ፈርሞ ይገባል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ማታ ፈርሞ ይወጣል። የእኔ ወንበር ከአዳራሹ ግድግዳ ትይዩ ነበር። ግድግዳው ላይ በእጄ የሣልኩት ተለጥፏል። ብቀር ደመወዝ ይቆረጣል፤ ብለቅ ጡረታዬ ይቀራል፤ ብቀመጥ አላፊ አግዳሚው «ዛሬም አልሰጠሙም?» ይለኛል።

በግምገማ ስብሰባ ተነሥቼ የገባልኝን ቃል አነሣሁበት። እሱ ወደ መድረኩ እንጂ ወደ እኔ አላየም።

«ጓዶች፣ እኚህ ሴት ከመጀመሪያውም በለውጡ ሲቀልዱ ነበር። ሥራውን ጂኒ ሊሠራው ነው ወይ ብለዋል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ገንዘብ ያዥዋ መስክሪ ስትባል አንገቷን ደፍታ «ብለዋል» አለች። ከመድረክ አንዱ ተነሥቶ «ግለ ሂስ አድርጊ!» አለኝ። እስከዚያ ቀን በዚያ ቤት አንቺ ብሎ የጠራኝ አልነበረም። ቀልጃለሁ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ከዚያ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ወዳለ ቀበሌ መደቡኝ። በእግር የቀን መንገድ ነው። እናቱ ዘንድ ሄድኩ። ሴትዮዋ ምርር ብለው አለቀሱ።

«አንተ፣ እስቲ ውጣና አናግራት!» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ።

«ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ሂደቱ ነው» አለ፣ ከጓዳ ሳይወጣ። የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው።

ምደባውን አልተቀበልኩም። ሥራ ለቀቅሁ። ጡረታ የለኝም። እናቴን እስከ መጨረሻዋ እኔው አገላበጥኳት። የእሱ እናት የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ሄድኩ፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ እህቶቹን አላህ ያጥናችሁ አልኳቸው። እሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። አልፌው ወጣሁ።