ትኩሳቱ የለቀቀ ጠዋት

ልጄ ብሌን መጀመሪያ የነገረችኝ ከዓይኗ ኋላ እንደሚያማት ነው። ግንባሯን አይደለም፣ ዓይኗንም አይደለም፤ ከዓይኗ ኋላ። እንዲህ ያለ ሕመም ሰምቼ ስለማላውቅ ደጋግሜ ጠየቅኳት። ዓይኗን ወደ ጎን ስታዞር ከውስጥ የሚጎትታት ነገር እንዳለ ነገረችኝ። ለንደን፣ ኤድመንተን በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። ከስሪላንካ መመለሳችን ስለሆነ ሻንጣችን እንኳ አልተፈታም። የአውሮፕላን ድካም ነው አልኩ። ማታውን ሰውነቷ እንደ እሳት ነደደ።

ይህን የምጽፈው ከሞቃት አገር ተመልሶ ቤቱ ትኩሳት ለገባበት ሰው ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የሕክምናውን ነገር ሐኪሞቹ እንዳስረዱኝ አስቀምጬዋለሁ፤ ከራሴ አልጨመርኩም።

ጉዞውን ያሰበችው ብሌን ናት። ሥራ ከያዘች ጀምሮ ከምሠራበት መጋዘንና ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላ የማውቀው ለንደን እንደሌለ እየነገረች ትቀልድብኝ ነበር። በመጨረሻ ሳትጠይቀኝ ቡክ አደረገች። ስምንት መንገደኞች ሆነን በአንዲት ሚኒባስ ደሴቲቱን ዞርናት። አስጎብኚያችን ኒማል የሚባል ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እኔን "አማ" ይለኝ ነበር፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው።

በዚያ አገር ሁሉንም ነገር ማወቅ አማረኝ። ቀረፋን ዕድሜዬን ሙሉ ሻይ ውስጥ ስጨምር ኖሬ ከዛፍ ላይ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው ቅርንጫፉን በቢላዋ ከፋቁ በኋላ የውስጡን ልጣጭ እንደ ወረቀት ሲያነሱት ቆሜ አየሁ። ወደ መቅደሳቸው ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ፣ ነጭ ይለብሳሉ። እኔም ሳይነግሩኝ ጫማዬን አውልቄ ስለገባሁ ኒማል ተገረመ። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ በግ የሚያክል ፍሬ አየሁና እንዴት ሳይወድቅ እንደሚቆይ ጠየቅኩ። ብሌን እያስተረጎመች ደከማት።

"ማሚ፣ በአንቺ ምክንያት ሰውዬው ኦቨርታይም ሊከፈለው ነው" አለችኝ።

ኒማል አንድ ልማድ ነበረው። ስንሄድ መሬት ላይ የወደቀ የኮኮናት ቅርፊት ካየ በጫማው ጫፍ ይገለብጠዋል። ወሬውን አያቋርጥም፣ ወደ ታችም አያይም፤ እግሩ ብቻ ይሠራል። ያን ሁሉ ጠይቄ ይህን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

እኔ ያደግሁት ዝዋይ፣ ሐይቁ አጠገብ ነው። ወባን አውቃታለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ያልያዘችው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ትንኝ ለእኔ የማታ ነገር ናት። ፀሐይ ስትጠልቅ ዘብ ሆኜ እነሳ ነበር። አጎበሩን ፍራሽ ሥር እጠቀጥቃለሁ፣ ቀዳዳ እንዳይኖረው በስልኬ መብራት አያለሁ፣ ብሌንን ከቁርጭምጭሚቷ እስከ አንገቷ የትንኝ መከላከያውን እቀባታለሁ። ከቁርስ በኋላ ኒማል ያንኑ ቅባት ለሁላችንም ሲያዞር ግን ብሌን ለማታ እንድትቆጥበው ነገርኳት። በጠራራ ፀሐይ ምን ትንኝ አለ? አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ክንዷን ሲያሳክካት ጉንዳን ነው ተባብለን አለፍነው።

ትኩሳቱ ለንደን ላይ ሲነሳ ወባ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ወዲያው ኢመርጀንሲ ወሰድኳት። የት እንደነበርን ጠይቀው ደም ወሰዱ። ወባ አልተገኘም። ወጣቱ ሐኪም "ዴንጊ ይመስለኛል" አለ። ስሙን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ብዙ አስረዳ። እኔ ፈጣን እንግሊዝኛ አይገባኝም፤ የምታስተረጉምልኝ ደግሞ የታመመችው ራሷ ናት። ዓይኗን ጨፍና አሳጠረችልኝ፦ መድኃኒት የለውም፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን እንዳትነካ ምክንያቱም ያደማል፣ ብዙ ትጠጣ፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ደም ቼክ ታድርግ። ቀሪውን አልነገረችኝም። አቅም አልነበራትም።

ከዚያ የመጡት ቀኖች ከባድ ነበሩ። አጥንቷን ሰው የሚሰብረው ይመስላት ነበር። ደረጃ መውረድ አቃታት። ለደም ምርመራ ሄደን ስንመለስ ልብሷን ሳታወልቅ ትወድቃለች። እንዲያም ሆኖ አፏ አልታመመም። ጨርቅ በውሃ እየነከርኩ ክንዷንና እግሯን ስጠርግ "ማሚ፣ ዶሮ ልትሠሪኝ ነው እንዴ የምትዘፈዝፊኝ?" አለችኝ። እየሳቅኩ ዞሬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ግንባሯን ነካሁ። ቀዝቅዟል። ቴርሞሜትሩን አስገባሁ። ትኩሳት የለም። ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

ወባ ሲለቅ አውቃለሁ። ያልባል፣ ሰውነት ይበርዳል፣ ሰው እህል ይጠይቃል። ኬኒንግተን ላለችው ጓደኛዬ ደውዬ ለቀቃት አልኳት፤ እልል አለችልኝ። በሩ ላይ ያገኘኋቸውን ጎረቤታችንን ጋሼ ተስፋይንም ለቀቃት አልኳቸው። ብሌን ደክሞኛል፣ የዛሬው የደም ምርመራ ይቅርብኝ አለች። እኔም ይቅር አልኩ።

እንዳይበርዳት ብዬ የሱፍ ኮፍያዋን አወጣሁ። ተማሪ ሳለች የሠራሁላት፣ ጆሮ የሚሸፍን፣ ጫፉ ላይ ኳስ ያለው ኮፍያ ነው። ይህን ኮፍያ ባወጣሁ ቁጥር ሳትቀልድብኝ አታልፍም። አጠለቅኩላት። ዝም አለች። ካልሲ በካልሲ ደረብኩላት። ዝም አለች።

"ሳቂብኝ እንጂ" አልኳት።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። መልሳ ጨፈነች። እጇን ያዝኩ። በረዶ ነው፣ ረጥቧል። "ሆዴን" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ትኩሳት የለም። ቴርሞሜትሩ ደህና ናት ይላል። ልጄ ግን አልቀለደችብኝም።

ሮጬ የጋሼ ተስፋይን በር መታሁ። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ በጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ነጂ ናቸው።

"ጋሼ ተስፋይ፣ መኪናዎ አለች?"

"አሁን ለቀቃት አላልሽኝም?"

"ለቋታል። ግን ልጄ ልክ አይደለችም።"

"ጫማዬን ላጥልቅ" አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም።

መኪናው ውስጥ አስመለሳት። ድዷ ላይ ደም አየሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ በራሴ እንግሊዝኛ አንድ ቃል ተናገርኩ፦ ዴንጊ። አስገቧት። የደም ግፊቷን ለኩ። ደግመው ለኩ። ሰው በዛ። መርፌ በሁለት ክንዷ ገባ። እኔን ወደ ግድግዳው አስጠጉኝ። ኮፍያዋ መሬት ላይ ወደቀ። አነሳሁት።

በኋላ አንዲት ሐኪም መጣች። ልጄን እንዳታስተረጉም አድርጋ በስልክ አማርኛ የሚችል ሰው አቀረበችልኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ትኩሳቱ የወረደው በሽታው ስላለቀ አይደለም። የዴንጊ አደጋ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው። ዛሬ ቤት መዋል አልነበረባትም።"

ለካ ወጣቱ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን የተናገረው ይህንኑ ነበር።

እኔ ያልገባኝ ሌላ ነገር ነበረ። ልጄ ቀኑን ሙሉ ስትጠጣ ነው የከረመችው፤ ታዲያ ሰውነቷ ደርቋል የሚሉት ውሃው የት ሄዶ ነው? ይህንኑ ጠየቅኳት። ሐኪሟ ዓይኗ በራ፤ ጥያቄው ደስ ያላት መሰለኝ። የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ስባ ቱቦ ሳለች። ቱቦው ላይ ነጥብ ነጥብ አደረገች። የደም ሥሮቿ ግድግዳ እንዲህ ሳስቷል፣ ፕላዝማ የሚባለው የደሙ ውሃ በነጥቦቹ እየሾለከ ሆዷና ሳንባዋ አካባቢ ይጠራቀማል፣ ሥሩ ውስጥ የሚቀረው ደም ይወፍራል፣ ግፊቱም ይወርዳል አለችኝ። ደሙን የሚያረጋው ፕላትሌት የሚባለውም ወርዷል። ግሉኮሱን በልክ እንሰጣታለን፣ ካነሰ ልቧ ይደክማል፣ ከበዛ ሳንባዋ ውሃ ይሞላል አለች።

"ትድናለች?" አልኳት።

"ሥሩ ራሱ ይደፈናል። እስከዚያ ማቆየት ነው የእኛ ሥራ። አሁን ግን እርግጠኛ ሆኜ አልነግርሽም።"

እውነቱን ስለነገረችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነርሷ እየመጣች ግፊቷን ትለካለች፣ ሽንቷን ትለካለች፣ ግሉኮሱን ትቀንሳለች፣ ትጨምራለች። ጋሼ ተስፋይ አልሄዱም። ወደ ቤትዎ ይግቡ ብላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁጭ ብለው ፊት ለፊት ሲያዩ የኖሩ ሰው መሆናቸውን፣ ይህም እንደማይከብዳቸው ነገሩኝ። እኔ ኮፍያውን ይዣለሁ። እሷ ትተነፍሳለች። እቆጥራለሁ። ትተነፍሳለች።

በማግስቱ ግፊቷ ተረጋጋ። ከዚያ ወዲያ አልወረደም። ቀጥሎ እግሯና ክንዷ በሙሉ ቀላ፤ በቀዩ መካከል ነጫጭ ክብ ክብ ቦታዎች ቀሩ። እኔ ሌላ በሽታ መጣ ብዬ ደንግጬ ነርሷን ጠራሁ። ሐኪሟ ግን አይታ ፈገግ አለች፤ ይህ ሽፍታ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሰውነት ማገገም ሲጀምር መሆኑን አስረዳችኝ። ብሌን ክንዷን አንስታ ነጫጮቹን ቦታዎች ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

"ማሚ፣ ሌላው ሰው ከደሴት ማግኔት ገዝቶ ይመጣል። እኔ ደሴቶቹን ይዤ መጣሁ" አለች።

ቴርሞሜትር አልፈለግሁም። ልጄ መመለሷን በዚህ አወቅሁ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟን የመጨረሻ ጥያቄዬን ጠየቅኳት፤ አጎበሩን እንደዚያ ጠቅጥቄ ትንኟ በየት ገባች? የዴንጊ ትንኝ በአብዛኛው የቀን ሠራተኛ ናት አለችኝ፤ ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትብሳለች፣ እግሯ ላይ ነጭ መስመር አላት፣ የምትራባውም በሐይቅና በረግረግ ሳይሆን ቤት አጠገብ በተጠራቀመች ጥቂት ውሃ፣ በአበባ ማሰሮ ሥር ባለ ሳህን፣ በአሮጌ ጎማ፣ በኮኮናት ቅርፊት ውስጥ ነው። ኮኮናት ስትል የኒማል ጫማ ፊቴ ድቅን አለ። ያ ሰው በሄደበት መንገድ ሁሉ ወሬውን ሳያቋርጥ ለማያውቀው ሰው ልጅ ሲሠራ ነበር።

ማገገሙ ረጅም ነው፣ ይህንን አስቀድማችሁ ዕወቁት። ብሌን ለብዙ ሳምንታት ከመኝታ ቤት ወደ ማዕድ ቤት መጥታ ወንበር ፈልጋ ትቀመጥ ነበር፣ ፀጉሯም ማበጠሪያው ላይ በጭብጥ እየወጣ አስደንግጦናል፤ በኋላ ግን ፀጉሩም ጉልበቱም ቀስ እያለ ተመለሰ፣ ዛሬ ክላፋም ወዳለው ሥራዋ በሁለት አውቶቡስ ትመላለሳለች።

ወባ አገር ያደጋችሁ እናቶች፣ የምናውቀው ነገር ለወባ ነው፤ ለሌላው እንደ አዲስ መጠየቅ አለብን። ቅባቱን ቀንም ቀቡ። ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የነበራችሁበትን አገር ስም ንገሩ፣ ዴንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅም አይቡፕሮፌን አትስጡ። ልጃችሁ ራሷ ታማ እንድታስተረጉምላችሁ አታድርጉ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አያሳፍርም። ትኩሳቱ ሲለቅ ደግሞ ያን ጊዜ ይበልጥ ንቁ፤ ሆድ ካመመ፣ ካስመለሰ፣ እጅ ከቀዘቀዘ፣ ደም ከታየ አትጠብቁ። ቤታችሁ ያለው ሰው ጤነኛ ሲሆን ምን ዓይነት እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ሐኪም የለም። ያ ጠባዩ ከጠፋ፣ ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል፣ ተነሱና ሂዱ።

ሐኪሞቹን፣ ነርሶቹን፣ በስልክ ድምፁን ብቻ የማውቀውን አስተርጓሚ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ተስፋይን በየቀኑ አመሰግናለሁ፤ እሳቸው ግን ወሬውን ወደ አየር ጠባዩ ይለውጡታል። ለኒማል ብሌን በስልክ ጽፋለት ደስ ብሎት መለሰ፣ አማን ሰላም በይልኝ ብሏል።

ዝናብ ባቆመ ቁጥር በረንዳችን ላይ ወጥቼ ከአበባዎቹ ሥር ያሉትን ሳህኖች እደፋለሁ። ኤድመንተን ያችን ትንኝ የምንፈራበት ሰፈር እንዳልሆነ ሐኪሟ ነግራኛለች። እኔ ግን በእግሬ ጫፍ አንድ በአንድ እገለብጣቸዋለሁ። ብሌን በመስኮት እያየች ትስቅብኛለች።

ትሳቅ።