ወንዝ ዳር የጠራሁት ስም

ዛሬ እዚህ ኮልፌ፣ የልጅ ልጄ በተነፋ የመኪና ጎማ ወንዙ ላይ ስትንሳፈፍ የሟች ወንድሜን ስም ጠራሁ።

የሰፈሩ ልጆች የተንሳፈፉት ለአቅመ ደካሞች ቤት ማደሻ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። ያንን ውሃ እኛ እንጠጣው ነበር፤ እነሱ ግን ከሽታው የተነሳ አፍንጫቸውን ይዘው ገቡ።

ታደሰ ታናሽ ወንድሜ ነው። በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ በክረምት፣ ከገበያ ስንመለስ የዚሁ ወንዝ ኩርባ ላይ ደራሽ ውሃ ከእጄ ነጥቆ ወሰደው።

ሬሳው አልተገኘም፤ ልብሱን ዘርግተን አለቀስን። እናቴ "ውሃ የበላውን ሰው ወንዝ ዳር አትጥሩት፣ ይመጣል" አለችን። እኔም ቃል ገባሁላት፤ ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም፤ እስከ ዛሬ ጠርቼው አላውቅም።

ዛሬ ግን የልጅቷ ጎማ እዚያው ኩርባ ላይ ሲሽከረከር ምን እንዳልኩ አላውቅም። አጠገቤ የቆሙት "አባባ፣ ምን ሆኑ?" ሲሉኝ ነው የነቃሁት።

ልጅቷ በሰላም ወጣች። ውሃው ከላይዋ እየተንጠባጠበ መጥታ፣ "አባባ፣ 'ታደሰ! ታደሰ!' እያሉ ሲጮኹ ሰማሁ። አቤት ያለዎት ማን ነው?" አለችኝ።

እኔ አቤት ሲል የሰማሁት ሰው የለም።

ዛሬ ወንዙ ዳር ከነበራችሁት መካከል ታደሰ የምትባሉ ካላችሁ፣ "አቤት ያልኩት እኔ ነኝ" በሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁም ጻፉልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የጻፈችልኝ ልጅቷ ናት፤ የምትጽፉትንም ታነብልኛለች።