የዋጥኋት «ነበር»

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርሁትም። ከባሌ ከተለያየሁ በኋላም ለማንም፣ ለገዛ እናቴም ቢሆን ትንፍሽ አላልሁም። አሁን ለእናንተ እናገራለሁ፤ አዝናችሁልኝ እንድታነቡት ግን አልፈልግም። የሚታዘንላት ሌላ ሴት አለች።

አስተርጓሚ ነበርሁ። ያኔ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ ነው የምኖረው። ቀሚሴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ፣ አንዲት የጸጉሬ ዘለላ ከሻሼ እንዳትወጣ የምጠነቀቅ፣ ሰንበት የሚገባበትን ሰዓት በደቂቃ የማውቅ ሴት ነበርሁ። ከጎንደር አዲስ የመጡ ሰዎች ዳኞች ፊት ሲቀርቡ እኔ አማርኛቸውን በዕብራይስጥ እናገራለሁ። ቅድመ አያቶቻቸው ተጠምቀው ክርስቲያን የሆኑ ናቸው። ወደ አይሁድነት ለመመለስ ጊዩር የሚባለውን ሥርዓት ማለፍ አለባቸው፤ ወራት ይማራሉ፣ ከዚያ ሦስት ረቢዎች ተቀምጠው ይጠይቋቸዋል። ረቢዎቹ አማርኛ አይችሉም፣ ሰዎቹ ዕብራይስጡ ገና አልገባቸውም። መካከል ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህ ምን ያህል ሥልጣን እንደሆነ ማንም ያሰበበት አልነበረም። እኔ ግን አውቀው ነበር።

እትዬ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አምሳ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ቤኤር ቱቪያ አንድ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ካርቶን ስታሽግ የምትውል ሴት። ከሥራ መልስ፣ እግሯ እንዳበጠ፣ ዕብራይስጥ ትማራለች። ወርቄ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። የእናትና የልጅ ጉዳይ የሚታየው በአንድ ፋይል ነው። ወርቄ ገዴራ ከተማ ለሚኖር ልጅ ታጭታለች፤ የእሱ ቤተሰብ እንደኛው ከጥንትም ያልተጠመቀ ቤተ እስራኤል ነው። ለሠርጉ ጋን ያቭኔ ከተማ አዳራሽ ተይዟል። ዳኞቹ ከተቀበሏቸው ረቢ ያጋባቸዋል፤ ካልተቀበሏቸው በዚህ አገር ሕግ የሚያጋባቸው የለም።

የቀጠሯቸው ዕለት ጠዋት ወርቄ ሥራ ቦታዋ ፈቃድ እስክትጠይቅ ቀደም ብለን እኔና እትዬ አንጓች በአውቶቡስ ዳኞቹ ወዳሉበት ወደ ያቭኔ ሄድን። መንገዱን ሙሉ የዳቦውን ቡራኬ፣ የወይኑን ቡራኬ፣ እጅ ሲታጠቡ የሚባለውን ስትደጋግም ነበር። «ልጄ፣ ስሳሳት አርሚኝ» ትለኛለች። አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። እኔ በልቤ ምን እል እንደነበር ልንገራችሁ? «እንደ በቀቀን ሸመደደችው» እል ነበር። ጎኔ ተቀምጣ፣ ቆሎ በመዳፏ እየዘገነች እየሰጠችኝ፣ እየበላሁላት እንዲህ እል ነበር።

ለምን? አያቴ ቡዳ እየተባለ፣ የሰው መሬት በጢሰኝነት እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ ኖሮ ሞተ እንጂ አልተጠመቀም። የተጠመቁት መሬት አገኙ። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁ። እውነት ነው፣ አልክደውም። ግን እትዬ አንጓች ምን አድርጋኛለች? የተጠመቀው የአያቷ አባት ነው። እሷ አያቴ የተነፈገውን መሬት አርሳዋለች? አያቴን ቡዳ ብላዋለች? እኔ ግን አንድ ሰው እንዲከፍልልኝ ፈለግሁ፤ እጄ ላይ የወደቀችው እሷ ሆነች።

ዳኞቹ መጀመሪያ የጠየቋትን ሁሉ መለሰች። ሰንበትን፣ በዓላቱን፣ ሥጋና ወተት አለመቀላቀሉን። ከዚያ በመካከል የተቀመጡት ሽማግሌ ድንገት ጠየቋት፤ «ጭንቅ ሲመጣብሽ ማንን ትጠሪያለሽ?»

ተረጎምሁላት። ትንሽ አሰበች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ሁሉም ይዋሻል። እሷ ግን እንዲህ አለች፤ «ድሮ ማርያምን እጠራ ነበር። አሁን ግን የእስራኤልን አምላክ ነው የምጠራ።»

ማርያም የሚለውን ስም ለመስማት አስተርጓሚ አያስፈልግም። ሦስቱም ቀና አሉ። ሽማግሌው ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም ተረጎምሁ፤ «ማርያምን እጠራለሁ፣ የእስራኤልንም አምላክ እጠራለሁ።»

«ድሮ» የሚለውን ዋጥሁት። «ነበር» የሚለውን ዋጥሁት። «ግን» የሚለውን ዋጥሁት። ሳት ብሎኝ ነው? አይደለም። ዕብራይስጡ ጠፍቶኝ ነው? በልጅነቴ የመጣሁ ነኝ፣ በዕብራይስጥ ነው ሕልም የማየው። አውቄ ነው ያደረግሁት። አድርጌውም ደስ አለኝ። እምነቴን የጠበቅሁ፣ ለአያቴ የደረስሁ መሰለኝ። እግዚአብሔር ራሱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ የሚያመሰግነኝ መሰለኝ!

ጸሐፊው ጻፈ። ዘግይታ የደረሰችውን ልጅ አስገብተው ብዙም ሳይጠይቋት ሁለቱንም ከዓመት በኋላ ተመልሰው እንዲቀርቡ ወሰኑ።

«ምን አሉ፣ ልጄ?» አለችኝ እትዬ አንጓች ኮሪደሩ ላይ።

«ቤሰደር፣ ደኅና ነው፤ ትንሽ ጨምሪና ተማሪ ነው ያሉሽ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

ጉንጬን ሳመችኝ። ስለደከምሽልኝ እግዜር ይስጥሽ አለችኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ! አላቆምሁም። በሰንበት ምኩራብ ውስጥ፣ የሴቶች ክፍል ተቀምጠን፣ «ዳኞች ፊት ማርያምን እጠራለሁ አለች እኮ» ብዬ ለጎረቤቶቼ አወራሁ። ወሬው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ገዴራ ገባ። የልጁ አባት «እናቷ መስቀል በሻንጣዋ ይዛ የመጣች ልጅ ቤቴ አትገባም» ብለው እጮኝነቱን አፈረሱት። ልጁም አባቱን እሺ አለ። አዳራሹ ተሰረዘ።

ወርቄ የፈረደችው እናቷ ላይ ነው። ከፋይሉ ላይ ተጽፎ አየችው፣ በዕብራይስጥ፣ በማኅተም። «ማርያምን እጠራለሁ ብለሻል! እኔን ሳታስቢ!» አለቻት። እናትየው «ነበር ነው ያልሁ» ብላ ማለች። ማን ይመናት? ወረቀቱ ሌላ ይላል። ወርቄ ልብሷን ሰብስባ ያቭኔ ገባች። ሃይማኖት የሚባል ነገር ደጄ እንዳይደርስ አለች፤ እናቷንም ከሃይማኖቱ ጋር ደምራ ጣለቻት።

አንድ አርብ ቀትር ላይ እትዬ አንጓች ቤቴ መጣች። እኔ ለሰንበት እያበሰልሁ ነበር። አልገባም ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ አንቺ እዚያው ነበርሽ። ነበር አላልሁም? ለልጄ ንገሪልኝ።»

ዓይኗን እያየሁ፣ ማማሰያ እንደያዝሁ፣ «እኔ ያልሽውን ነው የተናገርሁ» አልኋት።

እሷም ራሷን ተጠራጠረች። ይህንን ነው ለራሴ ይቅር የማልለው! «እንግዲያ አፌ ስቶኝ ይሆናል» ብላ፣ የኔን ኃጢአት ተሸክማ ደረጃውን ወረደች።

በዓመቱ ሌላ አስተርጓሚ ይዛ ቀረበች፣ አለፈች። ከዚያ ወዲህ እንደሷ ሰንበት የሚጠብቅ በሰፈሩ የለም ይባላል። ወርቄ ግን አልተመለሰችም።

እኔስ? እኔ እምነቴን ተውሁት። አንድ ትልቅ ነገር ደርሶብኝ አይደለም። ልጄ የሃይማኖት ቆቡን፣ ኪፓውን፣ አወለቀ፣ ተቆጣሁት፤ «እናቴ፣ አንቺ ራስሽ ታምኛለሽ?» ሲለኝ መልሱን ፈለግሁ። ስፈልግ ስፈልግ ውስጤ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሻሼን ፈታሁ፣ ከባሌ ተለያየሁ፣ ገዴራ ቤት ተከራየሁ። ዛሬ በሰንበት መኪናዬን አስነስቼ አሽዶድ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። በማስተስረያው ጾም ቀን ቡና እጠጣለሁ። ታዲያ ማን ጠየቀኝ? የትኛው ዳኛ ጠርቶኝ «ጭንቅ ሲመጣብሽ ማንን ትጠሪያለሽ?» አለኝ? ማንንም አልጠራም! ግን ማንም ፋይል አልከፈተብኝም፣ ልጄን አላገባም ያለ የለም። የምታምነዋ ሴት ሁለት ጊዜ እንደ ወንጀለኛ ቆማ ተመረመረች፤ የማላምነው እኔ መርማሪዎቹ አጠገብ ተቀምጬ ቃሏን ቆረጥሁ። ይህ ያንገበግበኛል። በዳኞቹ እናደዳለሁ፣ የሰውን ልብ በጥያቄ ከፍቶ ማየት የሚችል በሚመስለው ሥርዓት እናደዳለሁ። ንዴቴ ግን ሁልጊዜ ዞሮ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። ሽማግሌው ጠየቁ እንጂ አልዋሹም። የዋሸሁ እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር እናቴን ለማሳከም ቂርያት ማላኪ ቁፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ሄጄ እትዬ አንጓችን ወረፋ ላይ አገኘኋት። አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። አርጅታለች። ራሴ አለመሸፈኑን አየች፤ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ስለ ወርቄ ጠየቅኋት።

«ልጅ ወልዳለች አሉ» አለች። «አላየሁትም። ስደውልላት ‹ማርያምሽን ጥሪ› ብላ ትዘጋዋለች።»

ያኔም አልነገርኋትም። ስሟ ተጠራ፣ ተነሥታ ገባች፣ እኔ እንደ ድንጋይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት ለወርቄ ደወልሁላት። ማን እንደሆንሁ ነገርኋት። እናቷ ያለችውን ቃል በቃል፣ እኔ ያልሁትንም ቃል በቃል ነገርኋት። በዕብራይስጥ፣ በቀስታ፣ «እናቴን አሥራ ሁለት ዓመት ውሸታም ስላት ኖሬያለሁ» አለች። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስልኩን ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አንጓች ራሷ ደወለች። ከኋላዋ የሕፃን ድምፅ ይሰማል።

«ለምን?» አለችኝ።

አያቴን ልጠራ አሰብሁ። መሬቱን፣ ቡዳ መባሉን፣ ይህን እየሰማሁ ማደጌን። ሁሉም አፌ ላይ መጣ፤ ሁሉንም መለስሁት።

«ጠልቼሽ ነው» አልኋት። «ሳላውቅሽ ጠልቼሽ ነው። ይቅር በይኝ።»



«ይቅር ማለት እንዳለብኝ ተምሬያለሁ» አለች። «ይቅርታ ከጠየቁ ይቅር በሉ ይላል ሕጉ። ግን ገና ነኝ። አሁን እሺ ብልሽ እዋሻለሁ፤ እኔ ደግሞ አልዋሽም። ደግመሽ አትደውይልኝ፤ የደረስሁ ዕለት እኔ እደውላለሁ።»

አልደወለችም። ትደውል አትደውል የሷ ነው። ይህን የጻፍሁት እንድትቸኩል አይደለም።