ዝግ ናቸው ያልናቸው ቤቶች

ይህንን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሚስቴ «ንዴትህ ይብረድልህና ትጽፋለህ» ብትለኝ ስምንት ወር ጠበቅኩ፤ አልበረደልኝም። እንዲያውም ብሶብኛል።

ነገሩ የደረሰው አብራኝ በምትሠራ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ላይ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ባቡሯ እንላታለን። አጠገቧ የሚሄድ ሰው ሶምሶማ ካልሮጠ አይደርስባትም፤ መንገድ ላይ ቆማ ወሬ አታወራም። በቀን መቶ ሰማንያ ቤት ታንኳኳለች። በር ሲከፈትላት ግቢው ጥግ ሄዳ ትንበረከካለች፣ የቆጣሪውን ክዳን ታነሳለች፣ መስተዋቱን በጨርቅ ትወለውላለች፣ ቁጥሩን መዝገቧ ላይ አስፍራ አመስግና ትወጣለች። ጭቃ የሞላበት፣ ሸረሪት ያደራበት፣ ባለቤቱ የአሮጌ ዕቃ ክምር የጫነበት ቆጣሪ ሁሉ የእሷ ጣጣ ነው። በዚህ ሥራ ዐሥራ ስድስት ዓመት እናቷን ጦራ፣ ሴት ልጇን ብቻዋን አሳድጋለች።

ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አዲስ አንባቢ ሲቀጠር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከእኔ ጋር ነው የሚዞረው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በእጄ ያላለፈ የለም። ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ወንበር ላይ የሚሽከረከረው ሰውዬ ሳይቀር የእኔ ተማሪ ነበር፤ ጫማው እየጠበበው ከኋላዬ ሲያነክስ ትናንት ይመስለኛል።

ለሁሉም ካስተማርኳቸው ነገሮች አንዱ እነሆ። መዝገባችን ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ፤ ለየት ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚጻፍበት። ቆጣሪው ከተሰበረ «ተሰብሯል»፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ከሌለ «ዝግ» እንላለን። ዝግ ለተባለ ቤት ቢሮው የወሩን ፍጆታ በግምት ይሞላል። «ውሻ» ብሎ መጻፍ ግን አይሆንም። የከለከለ ሕግ የለም፤ ኃላፊ የተባለ ሁሉ ግን «ውሻ ምክንያት አይሆንም፣ ተመለስና አንብብ» እያለ መዝገቡን ይወረውርልሃል። ስለዚህ አንባቢው ደጃፍ ቆሞ፣ ውሻው በሩን ከውስጥ ሲቧጥጥ እየሰማ፣ «ዝግ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ለባቡሯም «የኔ ልጅ፣ እግርሽን ከፈለግሽው ዝግ በይና እለፊ» ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ያኔ ትልቅ ብልሃት ያሳየኋት መስሎኝ ነበር።

በእሷ መስመር ላይ አንድ ቪላ አለ። ግቢው ውስጥ ቡናማ፣ ጥጃ የሚያህል ውሻ ተለቆ ይውላል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ደጃፉ ድረስ እየሄደች፣ ትንፋሹን በበሩ ሥር እየሰማች፣ ዘጠኝ ጊዜ «ዝግ» ብላ ጻፈች። ግምቱ ከሚጠቀመው ውሃ በልጦ ሲመጣበት ባለቪላው ደሙ ፈላ። ቢሮ ድረስ መጥቶ ጠረጴዛ ደበደበና አቤቱታውን በጽሑፍ አስገባ። እንዲህ ይላል፦ «ቤቴ አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ሠራተኛችሁ ውሻዬን ስለምትፈራ ዝግ እያለች ታልፋለች። ውሻዬ የሠለጠነ ነው፤ ሰው አይነካም።»

ኃላፊው ባቡሯን ጠርቶ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ዳግመኛ በሐሰት ዝግ ብላ ብትጽፍ ከሥራ እንደምትሰናበት የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው፤ የሰውዬው አቤቱታ ቅጂም ተያይዞበታል። እሷም ከአፍረቷ የተነሳ ለእናቷ እንኳ ሳትናገር መሳቢያ ውስጥ ቀበረችው። እኔ ማስጠንቀቂያ መሰጠቷን ከኃላፊው ጸሐፊ ሰማሁ፤ የአቤቱታው ቅጂ እንደተያያዘበት ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

በዐሥረኛው ወር አንኳኳች። ባለቪላው ራሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በሩን ከፈተ።

«ውሻውን ቢያስሩልኝ» አለችው።

«ግቢ፣ አይነካሽም» አላትና ጀርባውን ሰጥቷት ወሬውን ቀጠለ።

ገባች። ምን ታድርግ? ቆጣሪው ላይ ተንበርክካ መስተዋቱን ስትወለውል ውሻው የግራ ባቷን ከኋላ ያዘ። ይዞ አልተወም፤ ወዘወዛት። ሰውዬው ሮጦ መጥቶ ውሻውን በአንገቱ ከጎተተ በኋላ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ምን አድርገሽው ነው?» የሚል ነበር።

ጎረቤት ደግፎ ሐኪም ቤት አደረሳት። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ ከሰፋ በኋላ ውሻው መከተብ አለመከተቡን ጠየቀ። ልጇ የክትባቱን ካርድ ልትጠይቅ ወደ ቪላው ሮጠች። ሰውዬው በሩን ሳይከፍት «የምን ውሻ? እኔ ውሻ የለኝም» አላት። ዓይኑን በጨው ታጥቦ! በዚህ የተነሳ ባቡሯ የእብድ ውሻ መከላከያውን መርፌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተወጋች። በየቀጠሮው እኔ ነበርኩ የምወስዳት፤ መርፌው ሲገባ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሥራ ስትመለስ ታነክሳለች። መቶ ሰማንያ ቤት ቀርቶ ሃያም አትችልም። ኃላፊው «አይዞሽ» አላት ከአንገት በላይ፤ በሪፖርቱ ላይ ግን «ጉዳቱ የደረሰው በሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት ነው» ብሎ ፈረመና ምድር ቤት ያለው ፋይል ቤት ውስጥ ወረወራት። የመስክ አበሏም ተቆረጠ።

«ክሰሺው» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔ ከእንደዚህ ዓይነት ሰው ጋር ምን አቅም አለኝ?»

«አቅም አያስፈልግም። ነፃ ጠበቃ የሚሰጡበት ቢሮ አለ፣ ነገ እወስድሻለሁ።»

ጠበቃዋ ገና ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ በፋይል ተሞልቶ ፊቷ በጭንቅ ነው የሚታየው። ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለች፦ «እንስሳ ላደረሰው ጉዳት የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ጨዋ ውሻ ነው፣ ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም ማለቱ አያድነውም። የሕክምናሽን ወጪ፣ ከሥራ የቀረሽበትን፣ ወደፊት የምታጪውን፣ ሕመምሽንም ጭምር መጠየቅ መብትሽ ነው። የሐኪም ወረቀትሽን፣ ደረሰኝሽን፣ የቁስሉን ፎቶ አምጪልኝ። የሚቀረን ውሻው የእሱ መሆኑን ማስረዳት ነው።»

የሚቀረን አለችው፤ ያው ቀረ። ውሻውን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ መስክሩ ሲባሉ ግን አንዱ መንገደኛ ሆነ፣ አንዷ ታመመች። ያ ደግፎ ሐኪም ቤት ያደረሳት ጎረቤት እንኳ «እኔ ያገኘኋት መንገድ ላይ ነው፣ ውሻ አላየሁም» አለ። ከሰውዬው አጥር ጋር አጥሩ ይገናኛል፤ ፈራ። መሥሪያ ቤታችን ሄደን ሰውዬው ያስገባው አቤቱታ ይሰጠን ስንል «እንደዚህ ያለ ደብዳቤ የለም» ተባልን።

ችሎት ቀረብን። እኔ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቪላው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ረጋ ብሎ፣ ያን ዓመት ሙሉ ከነቤተሰቡ ሌላ ቦታ ይኖር እንደነበረና ቤቱ ተዘግቶ እንደከረመ ተናገረ። ከሳሿን የነከሳት ምናልባት የባዘነ ውሻ ይሆናል አለ። ጠበቃው ለዚህ ማስረጃ አለን ብሎ ወረቀት አወጣ። የባቡሯ መዝገብ ገጾች ናቸው፤ መሥሪያ ቤታችን ማኅተም መትቶ ሰጥቶታል። ለእኛ የለም ያለው ቢሮ ለእሱ ፈልጎ አገኘለት!

«ይህ የእጅ ጽሕፈት የማን ነው?» አለ ጠበቃው።

«የእኔ» አለች ባቡሯ።

«ምን ይላል?»

«ዝግ።»

«ቀጥሎስ?»

«ዝግ።»

ዘጠኙንም አስነበባት። የዐሥረኛው ወር መስመር ባዶ ነበር፤ ቁጥሩን ሳታሰፍር ነበር የተነከሰችው።

ዳኛዋ የሩብ ሰዓት እረፍት ሰጡ። ኮሪደሩ ላይ ባቡሯ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለጠበቃዋ ሰጠቻት። መሳቢያ ውስጥ የቀበረችው ማስጠንቀቂያ ነው። ጠበቃዋ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

«እስከዛሬ ለምን ደበቅሽኝ?»

«አፈርኩ።»

«ይህ ከቀረበ ታሸንፊያለሽ። ቤቱ ተዘግቶ እንደማያውቅም፣ ውሻው የእሱ እንደሆነም በራሱ እጅ ጽፎታል። ግን ዘጠኝ ጊዜ በሐሰት መጻፍሽን በችሎት ማመንሽ ነው። መሥሪያ ቤትሽ ሊያባርርሽ ይችላል። አስቢበት።»

ባቡሯ እግሯን አየች። ልጇ አጠገቧ ነበረች፤ እሷንም አየቻት። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። የኔ ማስረጃ እዚያው ቆሞ ነበር፤ «አንባቢ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚጽፈው፣ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ዓረፍተ ነገሯን ዋጥኳት።

«አቅርቢው» አለች።

ዳኛዋ አቤቱታውን ጮክ ብለው አነበቡት። «ቤቴ አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ባለቪላውን ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ፊርማው የእሱ መሆኑን ሲጠየቅ «ይመስላል» አለ። ጠበቃው ነገሩ እንደተበላሸበት ሲያውቅ ወደ እሷ ዞረ።

«ስለዚህ ውሸታም ነሽ ማለት ነው። ለመሆኑ በመንግሥት መዝገብ ላይ ሐሰት መጻፍ ማን አስተማረሽ?»

እኔ አሳለኝ።

«ማንም አላስተማረኝም» አለች። «ከራሴ ነው።»

ፍርዱ ለእሷ ሆነ። ባለቪላው የሕክምናዋንም፣ ያጣችውንም፣ ወደፊት የሚጎድልባትንም እንዲክስ ታዘዘ። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲላት እኔም ከሰው ጋር ሄጄ እጇን ጨበጥኩ። ያቺን እጅ ስጨብጥ በራሴ ላይ የተናደድኩትን ያህል በባለቪላው ላይ እንኳ ተናድጄ አላውቅም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠራት። ክሱ በችሎት ያመነችው ሐሰተኛ ንባብ ነው፤ ሰብሳቢው ያው ኃላፊያችን።

ሁለት ቀን ፋይል ቤት ገብቼ አቧራ ዋጥኩ። የፈለግኩትን ሳገኝ ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ ማንም ሳይጠራኝ ስብሰባው መሐል ገባሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልተጠሩም» አለ ኃላፊው።

«አውቃለሁ። ዝግ ብላ መጻፍን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጻፉት።»

«ጋሼ፣ ይተዉት» አለች ባቡሯ ከወንበሯ ላይ።

«የሚሉት ነገር ጡረታዎን እንደሚነካ ገብቶዎታል?» አለ ኃላፊው።

«ገብቶኛል። አሁን ደግሞ ይህንን አንብብ።»

ጠርዙ የተበላ አሮጌ መዝገብ ፊቱ ዘረጋሁለት። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት የተጻፈ ነው። የባቡሯ መስመር ያኔ የእሱ ነበር። ቪላው ገና አልተሠራም፤ ቦታው ላይ ሁለት ትልልቅ ውሾች ያሏት አንዲት አሮጊት ትኖር ነበር። ያኔ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ከአልጋ አትወርድም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ከቤቷ ሳትወጣ ነው ያረፈችው፤ የሰፈሩን ቆጣሪ ያነበበ ሁሉ ያውቃታል።

ኃላፊው መዝገቡን አየ። የኮሚቴው አባላት አንገታቸውን አሰገጉ።

«የማን ጽሕፈት ነው?» አልኩት።

ከገጹ ግርጌ ያለችውን ፊርማውን በአውራ ጣቱ ሸፈነ።

«ምን ይላል?»

«... ዝግ» አለ።

«ቀጥሎስ?»

መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋው። «ይህንን የት አገኙት?»

«ፋይል ቤት። አንተ እሷን የጣልካት ቦታ።»

ስብሰባው ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ ያ ሌላ ቀን እስከዛሬ አልመጣም። ባቡሯም ከሥራዋ አልተነሳችም። እኔን ግን ስለዚያ ቀን የጠየቀኝ የለም፤ ጡረታዬንም አልነኩብኝም። ይህም ያናድደኛል።

ያን ቀን አብረን ስንወርድ ደረጃው ላይ ቆመች። በአንድ እጇ ብረቱን ይዛለች፤ ቀኝ እግሯን ታስቀድማለች፣ ግራውን ታመጣለች፣ ታርፋለች። ስትሄድ ሮጬ የማልደርስባት ሴት፣ እኔ ሽማግሌው በየደረጃው እየቆምኩ እጠብቃታለሁ።

«ጋሼ፣ ችሎት ለታ ከኋላዬ ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«አውቄያለሁ» አለች። «ሲስሉ ሰምቼዎታለሁ።»

ቀኝ እግሯን አስቀደመች።